ትምህርት ቤቱን የሚሸከመው ስንት ትከሻ ነው?

ትምህርት ቤት ማቋቋም ታላቅ ሥራ ነው፤ የተቋቋመውን ማቆየት ግን ከማቋቋሙ ይበልጣል። ቤቱን ለመሥራትና በሩን ለመክፈት አንድ ባለጸጋ፣ አንድ ትጉህ ካህን ወይም አንድ ብርቱ ዳይሬክተር ሊበቃ ይችላል። ሃምሳ ዓመት ለማስኬድ ግን አንድ ሰው፣ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን፣ አይበቃም። ይህን ማለታችን ሰውን ለማሳነስ አይደለም። ሰው ይታመማል፤ ይሾማል፤ ይዛወራል፤ ያረጃል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ልጆች ግን መስከረም በጠባ ቍጥር ደብተራቸውን ይዘው በሩ ላይ ይቆማሉ።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በአንድ ብርቱ ሰው እጅ ሳለ ስሙ ይገናል፤ ደወሉ በሰዓቱ ይደወላል፤ ግቢው ይጠረጋል፤ መምህሩ አይቀርም፤ ልጁም አይዘገይም። ወላጆችም ልጆቻቸውን እዚያ ለማስገባት ይሽቀዳደማሉ። ያ ሰው በተነሣ በሁለተኛው ዓመት ግን ደወሉ መዘግየት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ዓመት ቤተ መጻሕፍቱ ይቈለፋል፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅም ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ የቀድሞውን አለቃ እያነሡ ማዘን ብቻ ይሆናል። «እሳቸው በነበሩ ጊዜ» የሚለው አነጋገር ለሰውየው ምስጋና ነው፤ ለትምህርት ቤቱ ግን ክስ ነው። እሳቸው በነበሩ ጊዜ ሌሎቹ ምን ይሠሩ ነበር? የሚል ጥያቄ ያስነሣልና።

ይህ ችግር በማንኛውም ትምህርት ቤት ቢደርስም በክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለየ መልክ አለው። እነዚህ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመሠረቱት ሕይወቱን ለእግዚአብሔር በሰጠ በአንድ ሰው ድካም ነው። ስለዚህም ከዚያ ሰው ጋር በሐሳብ መለየት ከጥሪው ጋር እንደ መጣላት ይቈጠራል። መምህሩ «እንዲህ ብናደርግ ይሻላል» ለማለት ይፈራል፤ ወላጁ አክብሮ ዝም ይላል፤ አለቃውም ዝምታውን ስምምነት ነው ብሎ ይወስደዋል። በዚህ ዐይነት መከባበሩ ራሱ ለትምህርት ቤቱ መድከም ምክንያት ይሆናል።

ዳሩ ግን ይህ ልማድ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኘ አይደለም። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ብቻውን ተቀምጦ ሕዝቡን ሲዳኝ ያየው አማቱ ዮቶር፣ አሠራሩ እሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ነግሮ፣ የሺህ፣ የመቶ፣ የሃምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መክሮታል። በሐዋርያት ዘመንም መበለቶች ከዕለት ምግብ ተጓደሉ ተብሎ ማጉረምረም በተነሣ ጊዜ ለዚሁ ሥራ ሰባት ሰዎች ተለይተዋል። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ሰባቱን የመረጠው ጉባኤው ነው፤ ሐዋርያት ደግሞ ጸልየው እጃቸውን ጫኑባቸው። ምርጫው የብዙዎች፣ ሹመቱ የአባቶች ሆነ ማለት ነው።

ይህ ምክር በትምህርት ቤት ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ባለታሪኩ «የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች» የተባለውን ማኅበር የመሠረቱት ፈረንሳዊው ካህን ዤን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ናቸው። ማኅበሩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት ያለፉ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወንድሞቹን በመምህርነታቸው ያውቋቸዋል። ስለ ፈረንሳይና ስለ እንግሊዝ በምንናገርበት ክፍል የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ከጌትነት ወደ ወንድምነት

ደ ላ ሳል በ1651 ዓ.ም. ሬምስ በተባለች ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው የፍርድ ቤት ሹም ነበሩ። ልጃቸውም ገና በ15 ዓመታቸው በከተማዪቱ ካቴድራል ጸሎት ከሚያደርሱትና ቋሚ ገቢ ከተመደበላቸው ካህናት መካከል ተቈጠሩ። ወላጆቻቸው በ1671ና በ1672 ዓ.ም. ስለ ሞቱ የታናናሽ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው አሳዳጊ ሆኑ። በ1678 ዓ.ም. ቅስና ተቀበሉ። እስከዚህ ድረስ ስለ ድኾች ልጆች ትምህርት ያሰቡት ነገር አልነበረም።

በ1679 ዓ.ም. አድሪያን ኒዬል የተባሉ ሰው ለድኾች ወንዶች ልጆች ነጻ ትምህርት ቤት ለመክፈት ከሩዋን ከተማ ወደ ሬምስ መጡ። ደ ላ ሳልም ረዷቸው። ኒዬል ልበ ቅንና ትጉህ ነበሩ፤ ነገር ግን አንዱን ትምህርት ቤት ከፍተው ሳያጸኑት ወደ ሌላው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። የቀሩት መምህራን ብዙም ያልተማሩ፣ ደመወዛቸው አነስተኛ፣ የሚመክራቸውም የሌለ ስለ ነበሩ ክፍሎቹ ሥርዐት አጡ። ትምህርት ቤት መክፈትና ትምህርት ቤት ማቆየት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደ ላ ሳል የተረዱት ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ምን አደረጉ? አስቀድመው ለመምህራኑ ቤት ተከራዩላቸው፤ ቀጥሎም በማዕዳቸው አስቀመጧቸው፤ በ1681 ዓ.ም. ደግሞ በገዛ ቤታቸው አስገቧቸው። በዚህ ጊዜ ዘመዶቻቸው ተቈጡ። በዚያ ዘመን የድኻ ልጆች መምህር ከሎሌ ብዙም ከፍ ያለ ማዕርግ አልነበረውምና። ደ ላ ሳል ራሳቸው በኋላ በጻፉት ማስታወሻ፣ መጀመሪያ ላይ እነዚያን መምህራን ከአሽከራቸው አሳንሰው ይመለከቷቸው እንደ ነበር ሳይደብቁ ተናግረዋል። ዘመዶቻቸው ባልተስማሙ ጊዜም በ1682 ዓ.ም. ከመምህራኑ ጋር ሌላ ቤት ገቡ።

አንድ ቀን ለመምህራኑ ስለ ነገ እንዳይጨነቁና በእግዚአብሔር መግቦት እንዲታመኑ ሰበኩላቸው። መምህራኑም የሰጧቸው መልስ ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፦ እርስዎ ሀብትም ቋሚ ገቢም አለዎት፤ ትምህርት ቤቱ ቢፈርስ የሚጐድልብዎ ነገር የለም፤ እኛ ግን ቢፈርስ ወደ ልመና እንሄዳለን። ብዙ አለቆች ይህን የመሰለ ንግግር ቢሰሙ እንደ ድፍረት በቈጠሩት ነበር። ደ ላ ሳል ግን እውነት መሆኑን አዩ። በ1683 ዓ.ም. የካቴድራሉን ሹመት ለራሳቸው ወንድም ሳይሆን ለአንድ ድኻ ካህን ለቀቁ፤ ገንዘባቸውንም በረኃብ ጊዜ ለተቸገሩት አከፋፈሉ። ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤቱ ቢወድቅ አለቃውም መምህሩም እኩል የሚወድቁ ሆኑ። አመራርን መካፈል የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጉዳቱን የማይካፈል አለቃ ሐሳብ አካፍሉኝ ቢል ከልቡ የሚያካፍለው ሰው አያገኝም።

የመጠሪያ ስማቸውም ይህንኑ የሚገልጽ ሆነ። «መምህር» ወይም «ጌታ» መባባልን ትተው «ወንድም» ተባባሉ። ለተማሪዎቹ ታላቅ ወንድም፣ እርስ በርሳቸውም እኩል ወንድም ለመሆን የተመረጠ ስም ነበር።

በምክር የተጻፈ ደንብ

የማኅበሩ ትምህርት ቤቶች በፈረንሳይ ከተሞች እየበዙ ሲሄዱ፣ አሠራራቸውን የሚመራ አንድ መጽሐፍ አስፈለገ። «የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አመራር» ሊባል የሚችለው ይህ መጽሐፍ በ1706 ዓ.ም. በእጅ ጽሑፍ ይገኝ ነበር፤ በ1720 ዓ.ም. ደግሞ በማተሚያ ቤት ታተመ።

ደ ላ ሳል የሃይማኖት ትምህርት ሊቅ ነበሩ፤ ብዕራቸውም የሰላ ነበር። መጽሐፉን በአንድ ክረምት ብቻቸውን ተቀምጠው ሊጽፉት ይችሉ ነበር። ነገር ግን እንዲህ አላደረጉም። በመቅድሙ እንደ ተገለጸው መጽሐፉ የተሰናዳው በማስተማር ከሸመገሉትና ከሠለጠኑት ወንድሞች ጋር ብዙ ስብሰባ ከተደረገ በኋላ፣ የብዙ ዓመት ልምድም ከተመዘነ በኋላ ነው። በሥራ ያልተፈተነ ነገር እንዳይገባበት ተጠንቅቀዋል። እንግዲህ መጽሐፉ ከላይ የወረደ ትእዛዝ ሳይሆን በክፍል ውስጥ ጠመኔ የያዙ ሰዎች ያዋጡት ልምድ ነው ማለት ይቻላል።

ፍሬውም ታየ። በዚያ ዘመን ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። የድኻ ልጅ ግን ቶሎ ወደ ሥራ ስለሚወሰድ ላቲኑን ሳይጨርስ፣ የገዛ ቋንቋውንም ማንበብ ሳይችል ይወጣል። ወንድሞቹ ይህን በየቀኑ ያዩ ስለ ነበር ንባብ በፈረንሳይኛ እንዲጀመር አደረጉ። አንድ ጳጳስ ልማዱ ይጠበቅ ብለው በተከራከሩ ጊዜም ደ ላ ሳል የመምህራኑን ልምድ በማስረጃነት ዘርዝረው አስረዱ። እንዲሁም መምህሩ ልጆችን አንድ በአንድ እየጠራ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ከሚቀመጡ ይልቅ፣ እኩል የሚያውቁትን በአንድነት ማስተማርን ደንብ አደረጉ። ትምህርት ቤት ተሻሻለ የሚባለው እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ ነው። ማሻሻያው የተገኘው ጉድለቱን በየቀኑ ከሚያየው ሰው ዘንድ ነው፤ የአለቃው ድርሻ ያንን ሰው ማዳመጥና ሐሳቡን ደንብ ማድረግ ነበር።

ልጆቹም ድርሻ ነበራቸው

በመጽሐፉ ውስጥ ለተማሪዎች የተመደቡት ሥራዎች ሲነበቡ ደስ ያሰኛሉ። አንዱ ጸሎት ይመራል፤ አንዱ ደወል ይደውላል፤ አንዱ ቁልፍ ይይዛል፤ ሌላው ወረቀት ያድላል፤ ሌሎች ክፍሉን ይጠርጋሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የቀሩ ልጆችን የሚጐበኙ ተማሪዎች መሾማቸው ነው። አንድ ልጅ ከትምህርት ሲቀር በዚያው ሰፈር የሚኖረው ጓደኛው ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ታሞ እንደ ሆነ ወይም ለሥራ ተይዞ እንደ ሆነ ጠይቆ ለመምህሩ ይነግራል።

መጽሐፉ ልጅ ከትምህርት የሚቀርበትን ምክንያት በቀላሉ «ስንፍና ነው» ብሎ አያልፈውም። ከልጁ፣ ከወላጁና ከራሱ ከመምህሩ የሚመጣውን ምክንያት ለይቶ ይመረምራል። መምህሩም ጥፋቱ የእሱ ሊሆን እንደሚችል እንዲያስብ ይገደዳል። በዛሬው ጊዜ ስለ ትምህርት ቤት መሻሻል በሚደረጉ ስብሰባዎች ላይ ስንት ሰዓት የሚያነጋግረው ነገር፣ እነሆ ከ300 ዓመት በፊት በሰፈር ልጅ እግር ይሠራ ነበር።

አለቃው ሲታዘዙ

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ሥልጣንን ራሱን መልቀቅ ነው። ደ ላ ሳል ገና በ1680ዎቹ ወንድሞቹ ከመካከላቸው አለቃ እንዲመርጡ አድርገው፣ ለተመረጡት ለወንድም አንሪ ሌሩ ታዛዥ ሆነው ነበር። የቤተ ክህነት ሹማምንት ግን ካህንና ሊቅ ለምእመን ሊታዘዝ አይገባውም ብለው ወደ አለቅነታቸው መለሷቸው። በ1694 ዓ.ም. ከዐሥራ ሁለት ወንድሞች ጋር ሆነው፣ ነጻ ትምህርት ቤቶችን በኅብረት ለማቆም የዘለቄታ ቃል ኪዳን ገቡ። ወዲያውም ወንድሞቹ በምስጢር ድምፅ አለቃ እንዲመርጡ ጠየቁ። እሳቸውን መረጧቸው። ምርጫው ይደገም አሉ፤ አሁንም እሳቸውን መረጧቸው። በዚህን ጊዜ፣ ከሳቸው በኋላ የማኅበሩ አለቃ ካህን ሳይሆን ከወንድሞቹ አንዱ እንዲሆን የሚያስገድድ ጽሑፍ አስፈረሙ።

ይህ ሁሉ ያለ ፈተና አልሄደም። በፓሪስ በአንድ አጥቢያ የመምህራን ማሠልጠኛ እንዲመሩ የታመኑት ኒኮላ ቩያር የደ ላ ሳል የቅርብ ባልንጀራና የቃል ኪዳን ተካፋይ ነበሩ። የአጥቢያው ካህን ሲሞቱ ለሥራው የሚሆነውን ንብረት በቩያር ስም አውርሰው ስለ ነበር፣ ቩያር ንብረቱን ለራሳቸው አስቀርተው ከማኅበሩ ተለዩ። ሥልጣንን ማካፈል አደጋ አለው ለሚሉ ሰዎች ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እውነትም አደጋ አለው። ደ ላ ሳል ግን ከዚህ በኋላ ሁሉን ነገር በእጃቸው ጨብጠው አልያዙም። አንድ ሰው ስለ ከዳ መቶ ሰው አይጠረጠርም፤ ይልቁንስ ንብረትና ሒሳብ በአንድ ሰው ስም ብቻ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ይገባል።

በ1712 ዓ.ም. ደ ላ ሳል በተነሣባቸው ክስ ምክንያት ከፓሪስ ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደው ሁለት ዓመት ያህል ቆዩ። እሳቸው በሌሉበት ጊዜ እያንዳንዱ የወንድሞች ቤት በየአካባቢው በሚሾም ካህን ሥር እንዲሆን የሚሹ ሰዎች ተነሡ። ቢሳካላቸው ኖሮ ማኅበሩ ተበታትኖ በጠፋ ነበር። ለዚህ የቆሙት ወንድሞቹ ራሳቸው ናቸው። በሚያዝያ 1714 ዓ.ም. በፓሪስና በአካባቢው ያሉት ዋና ዋና ወንድሞች ለመሥራቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው ልመና ብቻ አልነበረም። ለማኅበሩ ለመታዘዝ ቃል ኪዳን ገብተዋልና በማኅበሩ ስም ተመልሰው ሥራዎን እንዲይዙ እናዝዝዎታለን የሚል ነበር።

አንባቢ ይህን ነገር ቆም ብሎ ያስብበት። ለመምህራኑ ቤት ተከራይተው፣ ማዕድ አቅርበው፣ አንብበውና ጽፈው ያሠለጠኗቸው ሰው ናቸው፤ መምህራኑ ዛሬ እሳቸውን ያዝዛሉ። ደ ላ ሳልም ታዝዘው በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ወደ ፓሪስ ተመለሱ። ይህ የመሥራቹ ሽንፈት ሳይሆን የሥራቸው መፈጸሚያ ነበር። አለቃቸውን ስለ ጋራው ሥራ ሲሉ በአክብሮት ማዘዝ የሚችሉ ሰዎችን አፍርተዋልና።

በ1717 ዓ.ም. በሩዋን አጠገብ በሴንት ዮን የየቤቱ አለቆች ተሰብስበው ወንድም ባርተሌሚን አለቃ አድርገው መረጡ። ደ ላ ሳል ሁለት ዓመት በታዛዥነት ኖረው በሚያዝያ 7 ቀን 1719 ዓ.ም. በስቅለት ዕለት ዐረፉ። በዚያን ጊዜ መቶ ያህል ወንድሞች ነበሩ። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ ማኅበሩ በ1792 ዓ.ም. በሕግ ፈረሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን እንደ ገና ተነሥቶ በዓለም ላይ ተስፋፋ። ሥራው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የተጫነ ቢሆን ኖሮ በ1719 ዓ.ም. ከመሥራቹ ጋር በተቀበረ ነበር።

ሥራን ማካፈልና ሐሳብን ማካፈል

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማሳየት ያስፈልጋል። ሥራን ያካፈለ ሁሉ አመራርን አካፍሏል ማለት አይደለም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን የነበሩት አንድሩ ቤል በሕንድ አገር በማድራስ የወታደር ልጆች ማሳደጊያ ሲመሩ፣ ጐበዝ ልጆች ታናናሾቻቸውን እንዲያስተምሩ አድርገው ስለ ዘዴው በ1797 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተሙ። በለንደን ደግሞ ጆሴፍ ላንካስተር የተባሉ የኩዌከር ማኅበር አባል በ1798 ዓ.ም. በከፈቱት ትምህርት ቤት በዚሁ ዐይነት ዘዴ አንድ መምህር በመቶ ለሚቈጠሩ ልጆች እንዲበቃ አደረጉ። ወጪው አነስተኛ ስለ ነበር ዘዴው በብዙ አገር ተወደደ።

ነገር ግን ብዙ አልቆየም። ልጁ ለልጁ የሚያስተላልፈው ከመምህሩ የሰማውን ቃል ብቻ ነበር። ጥያቄ ቢጠየቅ የሚመልሰው፣ ስሕተት ቢያይ የሚያርምበት ፈቃድ አልነበረውም። እንግሊዝም ከ1846 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ትታ፣ ለመምህርነት የሚሠለጥኑ ወጣቶች ለብዙ ዓመት ከዋናው መምህር ሥር ሆነው እንዲማሩ ወደ ማድረግ አዘነበለች። ዛሬም ቢሆን አንዳንድ ዳይሬክተር የፈተና ወረቀት ማባዛቱን ለአንዱ፣ የሰልፍ ሥርዐቱን ለሌላው፣ የስብሰባ ጽሑፉን ለሦስተኛው ሰጥቶ «እኔ አመራር አካፍያለሁ» ይላል። ያካፈለው ድካሙን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። መምህሩ የሚሠራውን ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሚሠራ ሲመክርበት፣ የማይረባውን ይቅር ለማለትም ድምፅ ሲኖረው ነው አመራሩ የጋራ የሚሆነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ለኢትዮጵያ ይህ ሐሳብ ከውጭ የመጣ እንግዳ ዕቃ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የኔታ ከፍ ያሉትን ተማሪዎች ሲያስተምሩ፣ ከፍ ያሉት ደግሞ ዝቅ ያሉትን ያስቈጥራሉ። ከቤል ዘዴ የሚለየው ትልቁ ልጅ ነገ ራሱ ወንበር ዘርግቶ እንዲያስተምር ተብሎ መዘጋጀቱ ነው። ስለዚህም ቤተልሔም በድጓ፣ ዙር አባ በዝማሬና መዋሥዕት፣ ዋሸራ በቅኔ ስማቸው ተጠብቆ የኖረው በአንድ መምህር ዕድሜ ሳይሆን በመምህራን ሐረግ ነው። አንዱ ሲያልፍ ያስተማረው ደቀ መዝሙር ወንበሩን ይወርሳል። ተተኪ ሳይዘጋጅ መምህሩ ባረፈበት ቦታ ግን ወንበሩ ይታጠፋል፤ ተማሪውም ስልቻውን ይዞ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል።

በዘመናዊው ትምህርትም ቢሆን መንገዱ ተቀይሷል። በ1999 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር በአራት ነገሮች ላይ የቆመ ነበር፤ እነሱም መማርና ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራርና አስተዳደር፣ እንዲሁም የኅብረተሰብ ተሳትፎ ናቸው። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረትም በየትምህርት ቤቱ እንዲቋቋም ተደርጓል። ነገር ግን ኅብረቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ፣ የተዘጋጀ ጽሑፍ ሰምቶ፣ አጨብጭቦ የሚበተን ከሆነ ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን የፈተና ውጤት ይመሰክራል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ከዚህ ውጤት በስተጀርባ መጽሐፍ ማነሱ፣ ጦርነቱና ችግሩ ሁሉ አለ። ሁሉንም በአመራር ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ልጁ ከስምንተኛ ክፍል በፊት ማንበብ እንደ ተሳነው አስቀድሞ የሚያውቀው የክፍል መምህሩ ነው። ይህን አውቆ የሚናገርበት ቦታ ካጣ፣ ወሬው የሚሰማው ልጁ 12ኛ ክፍል ሲወድቅ ነው።

እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ሥር ላሉ ትምህርት ቤቶች ከዚህ ታሪክ የሚቀሰሙ ጥቂት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የመምህራን ምክክር በወር አንድ ጊዜ ይሁን፤ የሚመከረውም ስለ ደንብ ልብስና ስለ ክፍያ ብቻ ሳይሆን የትኛው ልጅ ለምን እንዳልገባው ይሁን። ሁለተኛው፣ የተስማሙበት አሠራር ይጻፍ፤ በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ያለ ደንብ ከሰውየው ጋር ይሄዳልና። ሦስተኛው፣ ገንዘብና ንብረት በአንድ ሰው ስም ብቻ አይቀመጥ፤ ሒሳቡም ለወላጆች ይነበብ። አራተኛው፣ አለቃው ገና ብርቱ ሳለ ተተኪውን ያዘጋጅ፤ በዓመት ጥቂት ሳምንት እንኳ ሥራውን ለምክትሉ ለቅቆ ክፍል ገብቶ ያስተምር። ደ ላ ሳል በደቡብ ፈረንሳይ በቆዩ ጊዜ እንደ ማንኛውም ወንድም ክፍል ገብተው ለልጆች ፊደል አስተምረዋል። እንዲህ ያለ አለቃ ሲመለስ የሚያወጣው ትእዛዝ የክፍሉን አቧራ የቀመሰ ይሆናል።

ይህ ሲባል ግን ሁሉም ያዛል፣ ማንም አይጠየቅም ማለት አይደለም። ወንድሞቹ ሲመክሩ ሁሉም ይናገር ነበር፤ ከተወሰነ በኋላ ግን ሁሉም ይታዘዝ ነበር። አለቃውም አለቃ ነበር። ምክር የሌለበት ትእዛዝ ሰውን ያደነዝዛል፤ ትእዛዝ የሌለበት ምክርም ወሬ ሆኖ ይቀራል። መልካም አለቃ ሁለቱንም በየቦታቸው የሚያውል ሰው ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል የአገራችን ሰው። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጁን ወደ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ሁሉ ስለ ዳይሬክተሩ ደግነት ከመጠየቁ ጋር አብሮ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፦ እኚህ ሰው ነገ ቢነሡ ሥራውን የሚያውቀው ማን ነው? ለዚህ ጥያቄ ሁለትና ሦስት ስም ወዲያው የሚጠራበት ትምህርት ቤት የልጁን ዐሥራ ሁለት ዓመት በአደራ ሊቀበል ይችላል። ዝምታ ያለበት ከሆነ ግን ሥራው ገና አልተጀመረምና፣ ወላጁም መምህሩም አለቃውም ዛሬውኑ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ።